የውሰት ዕድሜ

ሰሞኑን በአንድ ዩኒቨርሲቲ የምሥረታ በዓል ላይ የክብር እንግዳው የተለመደውን ንግግር አደረጉ። ኦክስፎርድ ሳይታሰብ፣ ቦሎኛ ሳትታወቅ እኛ የከፍተኛ ትምህርት ባለቤቶች ነበርን፤ የ1700 ዓመት ታሪክ አለን አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ኬክ ተቆረሰ። ኬኩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ግን መቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ ንግግር የእርሳቸው ብቻ ቢሆን ባልተናደድኩ። በየዩኒቨርሲቲው መጽሔት መግቢያ፣ በየስትራቴጂክ ዕቅዱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ተለጥፏል። ስለ ሒሳቡ አልከራከርም። 1700ውን ከመጀመሪያው ጳጳስ ከፍሬምናጦስ ተነሥቶ የሚቆጥር ሰው የቅኔ ቤት ትውፊት የሚጠራቸው ዮሐንስ ገብላዊና ተዋነይ የ15ኛው መቶ ዘመን ሰዎች መሆናቸውን፣ የአንድምታው ጉባኤም የደመቀው በጎንደር ነገሥታት ዘመን መሆኑን አጣርቶ ቢናገር ጥሩ ነበር። የወሎዎቹ ዳናና ጃማ ንጉሥ፣ ደረሳው ፊቅህና ነሕው ሲቀራ የኖረባቸው ሐሪማዎች፣ ከዚህ ቆጠራ ለምን እንደቀሩም ቢነግረን ደስ ይለኝ ነበር። ግን ይሁን፤ 1700 ይሁንላችሁ። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የዚያ የ1700 ዓመት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነገ ጠዋት በእናንተ ሬጅስትራር መስኮት ፊት ቢቆም ምን ትሉታላችሁ?

ሰውየውን ላስተዋውቃችሁ። በልጅነቱ ዳዊት ደግሞ ደበሎ ለብሶ ከቤቱ ወጣ። በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፣ ከየደጁ ውሻ ጋር እየታገለ፣ በለመናት ቁራሽ አደረ። ጾመ ድጓውን፣ ድጓውን ተማረ፤ የድጓ ማስመስከሪያ ወደሆነው ቤተልሔም ወርዶ አስመሰከረ። ከዚያ ቅኔ ቤት ገባ። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ዘአምላኪየን፣ ሚበዝኁን፣ ሥላሴን፣ ዘይእዜን እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ደረሰ። በየቀኑ አዲስ ቅኔ ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም፣ የጓደኛን መስረቅ ነውር ነው። መምህሩ ግሱን ያርማል፣ አገባቡን ያቃናል፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ያፈርስበታል። ሰውየው ይህን ሁሉ ጨርሶ፣ ተመርቆ፣ ወንበር ዘርግቶ ሲያስተምር ኖሯል። ዕድሜያችሁን ያገኛችሁት ከእርሱ ነው።

መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ትጠይቀዋለች፦ «የ12ኛ ክፍል ውጤት ይዘሃል?»

«የለኝም።»

«ቀጣይ!»

በልጅቷ አልፈርድም፤ የታዘዘችውን ነው የምትሠራው። የምፈርደው በአዛዦቿ ነው። መድረክ ላይ ሲወጡ የዚህን ሰው ወንበር የዩኒቨርሲቲያቸው መሠረት ያደርጉታል፤ ቢሮ ሲገቡ ያው ሰው በመመሪያቸው ያልተማረ ነው። በየጥናቱ የሚበተነውን መጠይቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የትምህርት ደረጃ ከሚለው ሥር «ያልተማረ»፣ «ማንበብና መጻፍ የሚችል»፣ «ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል» እያለ ሣጥን ይደረድራል። አራቱን ጉባኤያት የዘለቀ ሊቅ ጥናቱን የሚያደርገውን ልጅ ላለማሳፈር ሲል «ማንበብና መጻፍ የሚችል» ላይ ምልክት ያደርጋል። ልጁ ደግሞ የሊቁን ትርጓሜ ሦስት ምዕራፍ ሙሉ ጽፎ ማስተርሱን ይይዛል። ሊቁ በአባሪው ላይ «መረጃ ሰጪ 4» ሆኖ ይቀራል። በሰው ወርቅ አይደምቁ ያሉት አባቶቻችን ይህን ሳያዩ አልቀሩም።

የዩኒቨርሲቲዎቹ ልደት ደግሞ የተሰወረ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ትምህርት የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማትና የኢየሱሳውያን ማኅበር ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ እነርሱም ቀሚሳቸውን አውልቀው በሲቪል ልብስ። የሐረማያን እርሻ ኮሌጅ ከኦክላሆማ የመጡ አሜሪካውያን አቋቋሙት። የሕንፃ ኮሌጁ ላይ ስዊድኖች፣ የባሕር ዳሩ ፖሊ ቴክኒክ ላይ ሶቪየቶች አሉበት። ጎንደር ላይ ደግሞ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ወባ ደምቢያን ስለፈጀው ነው። በዚያችው ከተማ ባዕታ ለማርያም የአንድምታው ጉባኤ ተዘርግቶ ነበር፤ የኮሌጁ ፕላን ግን የጉባኤው መምህር ጋ አልደረሰም።

ከዚህ ሁሉ አንዱም አያሳፍርም። ወባ የጨረሰውን ሕዝብ ለማዳን የተከፈተ ኮሌጅ ምን ሌላ የዘር ሐረግ ያስፈልገዋል? ሰባ ምናምን ዓመት ሐኪምና ጤና መኮንን ማፍራት ራሱ ክብር ነው። ሰዎቻችን ግን በዚህ አይረኩም። ከኦክስፎርድ መብለጥ አለባቸው፤ ለመብለጥ ደግሞ ደጃቸውን የዘጉበትን ሰው አያት ያደርጉታል።

የግብፆቹን አዝሃር ተመልከቱ። ከሺህ ዓመት በፊት በመስጊድ የተጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የናስር መንግሥት በሕግ አሻሻለውና ሕክምናና ምህንድስናን ጨመረበት። ያ ለውጥ መንግሥት እጁን ያስገባበት ነውና የራሱ ጣጣ ነበረው፤ ቢሆንም በአዝሃር ሥር ባሉት ትምህርት ቤቶች ቁርኣን ሲቀራ ያደገው ልጅ ዛሬም ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚገባበት የራሱ መንገድ አለው። ስለዚህ ግብፃዊው ሺህ ዓመት ሲል አፉን ሞልቶ ነው። እኛ ደግሞ በዚያው ዓመት፣ በእኛ ታኅሣሥ 1954፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥትን ለዩኒቨርሲቲ ሰጠን። ከዓመት በፊት በታኅሣሡ ግርግር ሹማምንት የተረሸኑበትን ቤት ለትምህርት ማዋል ትልቅ ሥራ ነበር። የቅኔ ቤቱ ልጅ ግን በቅኔው የሚገባበት በር አልነበረም፤ ዛሬም የለም።

ቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅስ የዩኒቨርሲቲው አካል አልነበረም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ነበር፤ ደርግ ዘጋው፣ ሲከፈትም ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አልተመለሰም። የግዕዝ ትምህርት ክፍል ከፍተናል የሚሉም አሉ። ከፍታችኋል፤ እሰየው። የቅኔ መምህሩ እዚያ ገብቶ ቅኔ እንዲያስተምር ግን መጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል። ዶክተር እጓለ ገብረ ዮሐንስ የአገሩን ትምህርትና የምዕራቡን ማዋሐድ እንደሚገባ በ«የከፍተኛ ትምህርት ዘይቤ» የጻፉት በ1956 ዓ.ም. ነው። ይህን መጽሐፍ ያልጠቀሰ ተናጋሪ የለም፤ የሠራበት ዩኒቨርሲቲ የቱ ነው?

ከሁሉ የሚያስቀኝ የጥራት ክርክራቸው ነው። የአብነት ትምህርት ደረጃው አይለካም ይላሉ። አይለካም? ቤተልሔም ያላስመሰከረ የድጓ መምህር በሊቃውንቱ ዘንድ ምን ያህል እንደሚቆጠር ይጠይቁ። ድጓው ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ፣ እየተባለ ማን የት እንደሚያስመሰክር ሊቃውንቱ የወሰኑት የመዝጋቢ መሥሪያ ቤት ሳይኖር ነው። ኩረጃ የለ፤ ተማሪው ብቻውን መምህሩ ፊት ይቆማል። የማይለካ ያሉት መለኪያ ስለሌለው አይደለም፤ እነርሱ መለካት ስለማይችሉ ነው። የክብር እንግዳው ራሳቸው ጉባኤ ቃና ከመወድስ ለይተው ያውቃሉ ብዬ አልወራረድም።

እንግዲህ ፈትኗቸው! ያስመሰከሩ ሦስት መምህራን ጥሩ፣ ጠረጴዛ ዘርጉ፣ አመልካቹን ተቀኝ በሉት። የሒሳብና የእንግሊዝኛ ጉድለት ካለበት እንደማንኛውም ተማሪ የማሟያ ትምህርት ስጡት። በሐሪማ ለቀራው ደረሳም እንዲሁ። በግዕዝ ክፍሉም ወንበር ዘርግቶ ያስተማረ መምህር በዕውቀቱ ይቀጠር። ይህን ለመወሰን የሚያስፈልገው አንድ የሴኔት ስብሰባ ነው። ሴኔቱ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ ደግሞ አጀንዳው ያጥራል፦ «1700» የሚለው ቁጥር ከስትራቴጂክ ዕቅዱ መግቢያ ይሰረዝ፣ በምትኩ 1943 ይጻፍ፣ ቃለ ጉባኤው ይፈረም።