የበረሃ ዕፅዋትና ጎብኚው

ከደጋ አገር የመጣ መንገደኛ በጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ሲወርድ በመጀመሪያ የሚቀበለው ወበቁ ነው። የተሳፈረበት ባቡር ከአዲስ አበባ ዳርቻ ተነሥቶ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፤ ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶም ከባሕር ጠረፍ ደርሷል። የቀድሞው የሐዲድ ሥራ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በአዲሱ ሐዲድ የሚጓዝ ሰውም በመስኮት የሚያየው ያንኑ አገር ነው፤ ድንጋይ፣ አሸዋና አልፎ አልፎ ግራር። ስለዚህ መንገደኛው «እዚህ ምን ይበቅላል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱን ሳይፈልግ ወደ ወደቡና ወደ ገበያው ቢያልፍ ግን ትልቅ ትምህርት ያመልጠዋል።

መልሱ ከከተማው አይርቅም። ዛሬ የአምቡሊ ስም ሲነሣ ለብዙ ሰው የሚታወሰው የአውሮፕላን ማረፊያው ነው። ነገር ግን በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ አትክልት ይለማ ነበር። በጅቡቲ ከተማ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ወንዙም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አይታይበትም፤ ጎርፍ በመጣ ጊዜ ግን ውሃው ሰርጎ ከአሸዋው በታች ይጠራቀማል። ሰዎች ጉድጓድ እየቆፈሩ ያን ውሃ በማውጣት ተምርና ልዩ ልዩ አትክልት አለሙበት። በረሃ ለሠራበት ሰው ፍሬ እንደማይነፍግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም።

ታዲያ በሞቃት አገር የሚገኝ የዕፅዋት ቦታ በምን ይመዘን? ብዙ ጎብኚዎች የሚመዝኑት በአበባው ብዛትና በመስኩ ልምላሜ ነው። በፀሐይ የደከመ ሰው ጥላና ዕረፍት ቢሻ ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ ከሩቅ አገር የመጣ አበባ ለሰው የሚያስፈልገውን ውሃ ይሻማል። ግራርና ቁርቁራ ግን ከአገሩ ጋር የተላመዱ ናቸው። ቅጠላቸው አነስተኛ በመሆኑ ውሃ አያባክኑም፤ ሥራቸው ጠልቆ እርጥበት ይፈልጋል፤ እሾኻቸውም ከእንስሳት ይከላከልላቸዋል። «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» የተባለው ለዚህም ይሠራል። ስለዚህ የዕፅዋት ቦታ ሊመዘን የሚገባው ጠብቆ ባቆያቸው የአገር በቀል ተክሎች ነው።

ይህ ነገር ችላ ሲባል የሚመጣውን ጉዳት የአፋር አርብቶ አደር ያውቀዋል። ፕሮሶፒስ የተባለው እሾኻማ ዛፍ ከውጭ የመጣው በረሃውን እንዲያለመልምና አፈሩን እንዲይዝ ታስቦ ነበር። በ1970ዎቹ በአዋሽ ሸለቆ ከተተከለ በኋላ ግን የግጦሹን መሬት እየወረረ ሣሩን አጠፋ፤ በጅቡቲም ተስፋፍቷል። አረንጓዴ ሁሉ በረከት አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአንጻሩ ሊጠበቁ የሚገባቸው እየጠፉ ናቸው። ከጅቡቲ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ በጎዳ ተራሮች ላይ፣ የዴይ ደን ይገኛል። በዚያ የሚበቅለው ጽድ ኢትዮጵያውያን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር የሚያውቁት የሐበሻ ጽድ ነው። ድርቅ፣ የከብት ግጦሽና የማገዶ ቆረጣ ስላጎሳቆሉት ብዙው ጽድ ቆሞ ደርቋል። በዚያው ተራራ ሸለቆዎች የሚበቅለው የባንኩዋሌ ዘንባባም ከጅቡቲ ሌላ የሚገኘው በሶማሊያና በየመን ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ተክል አንድ ጊዜ ከጠፋ ገንዘብ አይመልሰውም።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆን አርአያ በሐዲዱ ሌላ ጫፍ አለ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል በ705 ሄክታር ላይ ያረፈ ሲሆን፣ ባሕር ዛፍ በወረሰው ተራራ ላይ የአገር በቀል ዕፅዋትን መልሶ ለማልማት ይሠራል። ነገር ግን የደጋ ማዕከል የቆላውን ግራርና ዘንባባ ሊያሳድግ አይችልም። በመሆኑም ድሬዳዋና ጅቡቲን የመሰሉ ሞቃት ከተሞች የየራሳቸውን የቆላ ዕፅዋት ቦታ ቢያቋቁሙ፣ ተማሪዎችም በባቡር እየተጓዙ ሁለቱን ቢያነጻጽሩ፣ ትምህርቱ ከመጽሐፍ ገጽ ወጥቶ በዓይን የሚታይ ይሆናል።

ጎብኚም በበኩሉ ግዴታ አለበት። ቅርንጫፍ ከመስበርና ፎቶግራፍ ብቻ አንሥቶ ከመመለስ ይልቅ የእያንዳንዱን ተክል ስምና የትውልድ አገር፣ የሚፈልገውንም ውሃ ጠይቆ በማስታወሻው ቢይዝ ጉብኝቱ ፍሬ ያፈራል። እንዲህ ያደረገ መንገደኛ ወደ ጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ሲመለስ ወበቁ ያው ነው፤ በመስኮት የሚያየው ግራር ግን ከእንግዲህ ስሙንና ጥበቡን የሚያውቀው ዛፍ ይሆንለታል።