ከአጥር ውጪ ያለው ውሃ የማን ነው?

ክረምት በገባ ቁጥር እኛ ሰፈር የማይቀር ትርዒት አለ። ዝናቡ ግማሽ ሰዓት ያህል እንደወረደ የኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ያለው የማንሆል ክዳን መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በጠርዙ ጥቁር ውሃ ይተፋል፤ ቀጥሎ ብድግ ይላል። ልጆች ያጨበጭባሉ። ግራውንድ ላይ የሚኖሩት ግን በራቸውን በጨርቅና በማዳበሪያ ከረጢት ለመድፈን ይሯሯጣሉ፤ ሽንት ቤታቸው ሽቅብ መመለስ የሚጀምረው ያኔ ነውና። (እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። እነሱ ቤት ከሚገባው ውሃ ውስጥ የእኛም አለበት፤ ይህን ሳናምን ብንጽፍ ነውር ነው።)

ሚዲያዎቻችን በየክረምቱ የሚያነሱት አንድ ዜና አላቸው። ነዋሪዎች ቅሬታ ያቀርባሉ፤ ኃላፊው «ኅብረተሰቡ ቦይ ውስጥ ቆሻሻ ስለሚጥል ነው» ብለው ይመልሳሉ፤ ዜናው ያልቃል። ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣነው እኛም ይህን ዜና ጽፈነዋል፤ ያውም ከአንዴ በላይ። ውሸት የለበትም። ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ቦይ ይዘጋል። ሳንጠይቅ የቀረነው ግን ሌላ ነው፤ ቦዩ ተጠርጎ ቢጸዳስ የሚመጣበትን ውሃ ይችለዋል ወይ?

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንድ ሄክታር መሬት ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 100 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ አሥር ጊዜ መጥቶ እንደመድፋት ማለት ነው። መሬቱ ሣር ወይም እርሻ ሳለ የተወሰነውን አፈሩ ይጠጣዋል፤ የቀረውም የሚወርደው ቀስ እያለ ነው። ቆርቆሮ፣ አስፋልትና ኮንክሪት ሲለብስ ግን ከሞላ ጎደል አሥሩም ቦቴ ይወርዳል፤ ያውም በደቂቃዎች ውስጥ። ዝናቡ በአንዲት ጠብታ ባይጨምር እንኳ ከቦዩ በላይ ያለው መሬት ተለውጧል። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ እያልን የከተማዋን ዳር ስንሞላ የሆነው ይኸው ነው።

መሀል ከተማው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ለግንባታ ፈቃድ የሳኒተሪ ፕላን ይቀርባል። ፕላኑ የሚነግረን ግን ከቤቱ እስከ አጥሩ ያለውን ነው። ከአጥሩ ውጪ ያለው ቱቦ ስንት ሕንፃ ተሸክሟል? ስንት ቀርቶታል? የዝናቡ ቦይ የመንገዶች ባለሥልጣን ነው፤ የሽንት ቤቱ መስመር የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፤ ፈቃዱ ደግሞ የሌላ መሥሪያ ቤት። አንድ ቪላ ፈርሶ ባለ አሥር ፎቅ ሲተካ ፎቁ ይቆጠራል፤ ከመንገዱ ሥር ያለው ቱቦ ግን የቪላው ዘመን ቱቦ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ሕንፃ ለብቻው ብናየው እንከን የለበትም። ሃምሳውን ማን ደመራቸው?

በዚህ መሀል መስመር ያልደረሰው ሰው ሽንት ቤቱን ከጎርፍ ቦይ ጋር ያገናኛል፤ ሌላው የጣሪያውን አሸንዳ በፍሳሽ መስመር ላይ ይለቃል። የመጀመሪያው ወንዝ ይበክላል፤ ሁለተኛው ማንሆል ያስነሳል።

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ወደ አቃቂ የተዘቀዘቀች ከተማ ናት፤ ላይኛው የለቀቀውን ታችኛው ይቀበላል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከባድ ዝናብ ባስነሳው ጎርፍ በከተማዋ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። ወንዝ የገባው ፍሳሽ ደግሞ በአቃቂ አድርጎ ወደ አባ ሳሙኤል ሲወርድ በመንገዱ ጎመንና ሰላጣ ያጠጣል። ያ ሰላጣ ተመልሶ የት እንደሚመጣ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ምንም አልተሠራም ማለታችን አይደለም። በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ለማጣራት የተሠራው ቃሊቲ አዲስ ማጣሪያ ተገንብቶለት አቅሙ 100,000 ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትም መንገድ ሲታደስ የውሃ መውረጃው አብሮ ተሠርቷል። ደስ ይላል። ነገር ግን የላዩ ቦይ ሰፍቶ የታቹ እንደጠበበ ከቀረ ጎርፉን አፋጥኖ ለታችኛው ሰፈር ማድረስ ነው። ማጣሪያም የሚያጣራው በቱቦ የደረሰለትን ብቻ ነው።

እኛ የምንለው፣ ለየተፋሰሱ መዝገብ ይከፈት። ይህ ቱቦ ይህን ያህል ይችላል፣ እስካሁን ይህን ያህል ተሰጥቶበታል፣ የቀረው ይህ ነው ተብሎ ይጻፍ፤ ማንም ገብቶ ይየው። መዝገቡ በሞላበት ሰፈር የሚገነባ ሰው ወይ ቱቦውን ለማሳደግ ይክፈል፤ የዝናቡን በተመለከተም የጣሪያውን ውሃ ግቢው ውስጥ በታንከር ይዞ ካባራ በኋላ ቀስ አድርጎ ይልቀቅ። (ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ታንከር ሙሉ የዝናብ ውሃ መያዝ ቅጣት ነው?)

«ቤት ይወደዳል» ይሉናል። ሊወደድ ይችላል፤ የኪራይን ነገር ለእኛ ለተከራዮች ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። ግን ወጪው አሁንም እየተከፈለ ነው እኮ። የሚከፍለው ገንቢው ሳይሆን ግራውንድ ላይ ያለው ሰው ነው፤ በፍራሽ፣ በምንጣፍ፣ በልጅ ሕክምና።

ከኮንዶሚኒየማችን ፊት ለፊት አዲስ መሠረት እየተቆፈረ ነው። ታፔላው ላይ የባለቤቱ፣ የአማካሪውና የተቋራጩ ስም አለ፤ ፎቁም ተጽፏል፣ አሥራ ሁለት። ጥበቃውን «ጋሼ፣ የዚህ ሁሉ ፎቅ ፍሳሽ ወዴት ሊሄድ ነው?» አልናቸው። በዱላቸው የእኛኑ ማንሆል አሳዩን።