ዝም ያለችው ልጅ

ባለፈው ሳምንት ለበርበሬ ለቀማ ወደ ቤቴ ስመለስ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ላይ አንዲት የድሮ ጎረቤቴን አገኘኋት። አሁን የምትኖረው ቡሬ ነው። ሳንቀመጥ፣ ሻይ እንኳ ሳናዝ፣ በቆምንበት ጠየቀችኝ።

«ልጄ የስፔሻሊቲ ፈተናውን አልፎ አዲስ አበባ ሊገባ ነው። የደረሰው የድንገተኛ ሕክምና ነው። ሚስቱም ሠራተኛ ናት። ሁለቱን ልጆች እኔ ላምጣቸው ወይ? አንቺ አይተሽዋልና ንገሪኝ።»

መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። መኪናዋ ሊንቀሳቀስ ሲል «በጋዜጣው እጽፍልሻለሁ» ብያት ተለያየን። የዛሬው ጽሑፍ እንግዲህ የእርሷ ነው። ጥያቄው ግን የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ እናንተም ስሙት።

የእኔ ልጅ ጠቅላላ ሐኪም ሆና ሁለት ዓመት ካገለገለች በኋላ አዲስ አበባ ካሉት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በአንዱ የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንት ሆና ገባች። ሬዚደንት ማለት ስፔሻሊስት ለመሆን ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚማር ሐኪም ነው። ያን ጊዜ የልጅ ልጄ ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ቀርቷት ነበር። አማቼ የመንገድ መሐንዲስ ነው፤ ወሩን ሙሉ ሳይት ላይ ይውላል። የቤት ሠራተኛዋ በሁለተኛው ሳምንት ሄደች። እኔና ባለቤቴ መከርንና «ሦስት ዓመት ምን አላት? ልጅቷን ገበዝ ማርያም እኛ ጋ እናቆያት፤ አንቺ ተረጋግተሽ ተማሪ» አልናት። ልጄ አለቀሰች። ግን እሺ አለች። በኅዳር ልጅቷን አቅፌ ዓባይን ተሻገርኩ።

ሦስት ዓመት ሲባል እኔ ያሰብኩት የራሴን የመምህራን ማሠልጠኛ ዘመን ነው፤ ጠዋት ተገብቶ ከሰዓት የሚወጣበትን። ይኸኛው ሌላ ነው። የድንገተኛ ሕክምና ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሆኖ በአገራችን ገና ወጣት ነው። የመጀመሪያው የሬዚደንቶች ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2010 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጀመረ። የአሜሪካው ዊስኮንሲንና የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ አግዘውታል። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ2013 ወጡ። በኋላ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅም ይህንኑ ትምህርት መስጠት ጀመረ። ከዚያ በፊት የድንገተኛ ክፍል በር ላይ የሚቀበለን በአብዛኛው ጠቅላላ ሐኪም፣ ኢንተርን ወይም በሌላ ክፍል የሚማር ሬዚደንት ነበር።

ያ ክፍል አይዘጋም። አንዱ ሳምንት ቀን ነው፣ ሌላው ሌሊት። ፋሲካም እንቁጣጣሽም ሰው መቆም አለበት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሬዚደንት ሥራ በሳምንት ከ80 ሰዓት እንዳያልፍ ደንብ ወጥቷል። እስቲ በዚያው ልክ እንቁጠረው። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። 80ውን ሆስፒታሉ ወሰደ። በቀን ሰባት ሰዓት ብትተኛ 49 ሄደ። የቀረው 39 ነው። ከዚያ ላይ የታክሲ ሰልፉን፣ ንባቡን፣ ፈተናውን፣ ማዕድ ቤቱን፣ አጠባውን ቀንሱ። ለልጅ የተረፈችውም ጥቂት ሰዓት ብዙ ጊዜ ልጅ የተኛችበት ሰዓት ትሆናለች።

ስለዚህ ልጅቷን መውሰዳችን ትልቅ ውለታ መሰለን።

የመጀመሪያውን ሳምንት የልጅ ልጄ ማታ ማታ እናቷን እየጠራች አለቀሰች። በሁለተኛው ሳምንት ለቅሶው ቀነሰ። ወር ሲሞላት ጨርሶ ተወችው። ጎረቤቱ ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይል ጀመር። እኔ በርበሬ ስቀነጥስ አጠገቤ ቁጭ ብላ ታያለች፤ አትነካም፣ አትጠይቅም። የሰጠኋትን ትበላለች። ተኚ ስላት ትተኛለች። ለእናቷ ስደውል በኩራት «ምንም አትስጊ፤ ልጅሽ ለምዳለች። ድምጿ እንኳ አይሰማም» እላት ነበር።

ያን ጊዜ ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር በቪዲዮ መተያየት የሚታሰብ አልነበረም። ስልኩም እንደ ዕድል ነው። ልጄ እረፍት ስታገኝ መንገዱ ይዘጋል፤ መንገዱ ሲከፈት እረፍት የለም። «ለፋሲካ ትመጫለሽ?» አልኳት፤ ተረኛ ነበረች። የመጣችው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ነው። አምስት ወር አልፏል።

በሩ ላይ ተንበርክካ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ ቀረብ ብላ እንደ እንግዳ ጉንጯን ሳመቻት። ቀጥላም እኛ እንደምንጠራት በስሟ ጠራቻት። ከዚያ ወደ እኔ ተመልሳ «እማዬ» ብላ ቀሚሴን ያዘች።

ልጄ አላለቀሰችም። ቀኑን ሙሉ ልጅቷን ስታይ ዋለች። ማታ ልጅቷ ስትተኛ ቡና አፍልቼ ተቀመጥን።

«እንዴት አየሻት? ጨዋ ሆነችልሽ አይደል?» አልኳት።

ጥቂት ቆየችና «እማዬ፣ እኛ ጋ የሚጮኸው ብዙም አያስደነግጠንም። የሚያስፈራን ዝም ያለው ነው» አለችኝ።

ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ትሪያጅ ይሉታል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ በሽተኛ በመጣበት ተራ አይታይም። አተነፋፈሱ፣ የልብ ምቱ፣ የደም ግፊቱ፣ ሙቀቱና ንቃቱ ይታይና ቀለም ይሰጠዋል። ከደቡብ አፍሪካ በመጣውና እኛም አገር በሚሠራበት ዘዴ ቀይ የተሰጠው ወዲያውኑ መታየት አለበት። ብርቱካናማው በ10 ደቂቃ፣ ቢጫው በአንድ ሰዓት፣ አረንጓዴው በአራት ሰዓት ውስጥ ይታያል። ሐኪም ሊመታ የሚጋበዝ፣ ኮሪደሩን በጩኸት የሚያናውጥ ሰው ቢያንስ አየር ይገባዋል፤ ለመጮህም ጉልበት አለው። ጥግ ላይ ጋደም ብሎ፣ አስታማሚዎቹ «አሁንስ ተረጋጋ፣ እንቅልፍም ወሰደው» የሚሉት ሰው ግን ቀይ ሊሆን ይችላል።

«ሕፃን ሲሆን ደግሞ ይብሳል» አለች። «ሲያለቅስ የቆየ ሕፃን ምንም ሳናደርግለት ዝም ካለ እንሮጣለን።»

እኛ የእህል አገር ሰዎች ነን። «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን አደግን፤ እኔም በተራዬ ስንቱን ተማሪ በዚህች ተረት ዝም አሰኝቻለሁ። ያን ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጎተራ ውስጥ ያለ እህልም ቢሆን ሲነቅዝ አይጮኽም። ከላይ ስታዩት ደህና ነው፤ ስትዘግኑት ነው ዱቄት የሚሆነው።

በሦስተኛው ቀን ልጄ ስትመለስ እኔና የልጅ ልጄ አብረናት ተሳፈርን። ባለቤቴ ሻንጣችንን ተሸክሞ ሸኘንና «እኔ ከብቶቹ አሉኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ሽሮ መሥራት ተምሯል፤ እንጀራ የምትጋግርለት እህቱ ናት። 41 ዓመት አብሮን የኖረን ሰው ብቻውን ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ቀላል አይደለም። የሬዚደንት ትምህርት ክፍያ እንዲህ ባለ ቦታም ይከፈላል፤ ይህንንም ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግኩም።

አዲስ አበባ ስንገባ ልጅቷ ጨዋነቷን ተወችው። እናቷ ልትወጣ ስትል በሩን ትደበድባለች፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች፣ ጫማዋን ትደብቃለች። አንድ ጠዋት የሆስፒታል መታወቂያዋ ጠፍቶ ቤቱን ስናምስ ቆይተን ሽሮ ዕቃ ውስጥ አገኘነው። እኔ ተቆጣሁ። ልጄ ግን ከሽሮው ውስጥ አውጥታ እያራገፈች ሳቀች። አምስት ወር ሙሉ ያላለቀሰችውን ልጅቷ አሁን እያወጣችው ነበር።

ቀስ በቀስ አንድ ዘዴ አበጀን። ወር ሲገባ ልጄ የዲዩቲ ፕሮግራሟን ታመጣለች፤ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። የልጅ ልጄ በከለር ትቀባዋለች። ቢጫ እናቷ ቀን የምትሠራበት ነው፣ ሰማያዊ ሌሊት የምታድርበት፣ አረንጓዴ ቤት የምትውልበት። ማንበብ ባትችልም ቀለሙን አይታ «ዛሬ ሰማያዊ ነው፤ እማዬ ጠዋት ትመጣለች» ትላለች። ከወረቀቱ ሥር ልጄ በትልቁ 907 ብላ ጽፋበታለች፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ ነው። በየቤታችሁ ጻፉት።

ልጄ ከሌሊት ሥራ ስትመለስ መጀመሪያ ትታጠባለች፣ ልብሷን ትቀይራለች፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት የልጇን ጸጉር ትሠራላታለች። እያሰረች የፈታችውን፣ ያየችውን፣ የሕልሟን ታወራታለች። ግማሽ ሰዓቷ ስታልቅ እኔ ልጅቷን ይዤ እወጣለሁ፤ እናቷ ትተኛለች። ያቺን ግማሽ ሰዓት ስልክም፣ እንግዳም፣ የእኔ ምክርም አይነካትም።

አሁን ደግሞ የራሴን ጥፋት ልጨምር። በዚያ ቤት ውስጥ ዝም ያለች ሌላም ነበረች፤ እኔ አላየኋትም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ማለዳ ልጄ ጸጉር እየሠራች እጇ ቀጥ ብሎ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትበላለች፣ ትሄዳለች፣ ትመጣለች፤ ቃል አይወጣትም። እኔ «ደክሟት ነው» ብዬ ሾርባ ሠራሁላት። በሦስተኛው ቀን የልጅ ልጄ ማዕድ ቤት ድረስ መጥታ «አያቴ፣ እማዬ እኮ ዝም አለች» አለችኝ።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ምንም አልጠየቅኳትም። ብዙ ቆይታ ነገረችኝ። መኪና የገጨው ሕፃን ነው። አምቡላንስ ስላልተገኘ በሚኒባስ፣ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ዕድሜው ከልጇ እኩል ነው። አልተረፈም። ለእናቱ የነገረችው እርሷ ናት። ከዚያ ክፍል ወጥታ እጇን ታጥባ ቀጣዩን በሽተኛ አየች፤ ሌሊቱ ገና አጋማሽ ላይ ነበር።

እኔ ያን ሁሉ ወር የምጠይቃት አንድ ጥያቄ ነበር፤ «ደከመሽ?» መልሱም አንድ ነው፤ «አዎ።» አሁን «ዛሬ ማን መጣ?» እላታለሁ። ስም ሳትጠራ የምትችለውን ትነግረኛለች። አንዳንድ ቀን ተኩሶ የመጣበትን ሰበብ የሚደብቅ ጎረምሳ ነው፤ እንስቃለን። አንዳንድ ቀን ምንም አትልም፤ ቡናውን ይዤ አብሬያት እቀመጣለሁ።

እንግዲህ ለቡሬዋ ወዳጄ የምመልሰው ይህን ነው። የሚቻልሽ ከሆነ ልጆቹን ከማምጣት አንቺ ሂጂላቸው። ሁሉም አያት ይህን እንደማይችል አውቃለሁ፤ ከብት አለ፣ ጤና አለ፣ የአዲስ አበባ ቤት ጠባብ ነው። የግድ የምታመጫቸው ከሆነም በእነርሱ ፊት አባታቸውንና እናታቸውን በስም አትጥሪ፤ «አባታችሁ፣ እናታችሁ» በይ። አንቺን «እማዬ» ሲሉሽ ደስ ቢልሽም አርሚያቸው። ኔትወርክ በሠራ ቁጥር ድምፃቸውን አሰሚያቸው። ደውለሽም «ለምደዋል» ለማለት አትቸኩዪ። ሲያለቅሱ አትደንግጪ፤ አቅፈሽ አባብያቸው። ማልቀስ ያቆሙ ቀን ግን በደንብ እያቸው።

እኔ በርበሬው እንደደረቀ እመለሳለሁ። ልጄ ሦስተኛ ዓመቷ ላይ ናት፤ ሊያልቅ ነው። የልጅ ልጄ ትናንት ማታ ደውላ «አያቴ፣ መቼ ነው የምትመጪው? አኩርፌሻለሁ!» ብላ ጮኸችብኝና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ባለቤቴ «ይህች ልጅ ባለጌ ሆነች» አለ። እኔ ደስ ብሎኝ አደርኩ።