ድንጋዩን ለቲፎዞው ማን አቀበለው?

በዚች አገር ሰው ጉሮሮውን ከፍቶ የልቡን የሚጮህበት ቦታ ይቆጠር ቢባል ከኳስ ሜዳ የሚቀድም አይገኝም። ቀበሌ ሲጠራው አንገቱን ደፍቶ፣ መሥሪያ ቤት “እሺ ጌታዬ” እያለ የከረመ ሰው እሑድ ከሰዓት ስታዲየም ሲገባ አንበሳ ይሆናል። ዳኛውን ይሰድባል፣ አሠልጣኙን ያባርራል፣ አጥቂ ይሾማል፣ በረኛ ይሽራል። ሹም መሻር ያልተፈቀደለት ሕዝብ ቢያንስ አሠልጣኝ ይሻር እንጂ! ይኼ ታዲያ ነውር አይደለም፤ የጨዋታው ግማሽ ይኼው ነው። ነውሩ የመጣው ጩኸቱ ወደ ድንጋይ፣ “የማን ደጋፊ ነህ?” የሚለውም ጥያቄ “ዘርህ ምንድነው?” ወደሚለው የተለወጠ ዕለት ነው።

ይኼን የምጽፈው ከሰቆጣ ነው። “ሰቆጣንና የኳስ ረብሻን ደግሞ ምን አገናኛቸው?” የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ ዋግ በፕሪሚየር ሊግ የተጫወተ ክለብ ኖሮት አያውቅም። የእኛ ስታዲየም የዲኤስቲቪ ቤት አግዳሚ ወንበር ነው። ነገር ግን ካርታ ያለው ሰው ካርታውን ይዘርጋ። ከሰቆጣ ተነስቶ ኮረም የደረሰ መንገደኛ ዋናውን አስፋልት ያገኛል። ወደ ደቡብ ቢታጠፍ አላማጣንና ቆቦን አልፎ ወልዲያ፣ ወደ ሰሜን ቢታጠፍ ማይጨውን አልፎ መቐለ ይገባል። እንግዲህ ወልዲያና መቐለ ድንጋይ ሲወራወሩ መሐል ላይ የቆመው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ኽምጣናው፣ አማርኛውና ትግርኛው በአንድ ገበያ በሚሰማበት አገር፣ የአንዱ ዘመድ እዚያ ነግዶ፣ የሌላው ልጅ እዚህ ተምሮ በሚያድርበት አገር፣ “አንተ ከማን ወገን ነህ?” መባል ምን ያህል እንደሚያንቅ የሚያውቀው የተጠየቀ ብቻ ነው።

ድሮም ጠብ ነበር

“ድሮ ሁሉም መላእክት ነበር” እያልኩ አንባቢን ልሸነግል አልፈልግም። ታላላቆቻችን ስለ አዲስ አበባ ስታዲየም ሲያወጉ ካታንጋን፣ ሚስማር ተራን፣ ዳፍ ትራክንና ከማን አንሼን እንደ ሰፈራቸው እየጠሩ ነው። እዚያ ጠርሙስም ተወርውሯል፣ ቡጢም ተሰንዝሯል፣ የፖሊስ ቆመጥም ጀርባ ላይ አርፏል። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስና በ1968 ዓ.ም. የተወለደው ቡና ሲገናኙ ከተማው ለሁለት ይከፈል ነበር። በአንድ ቤት ወንድምና ወንድም ይኮራረፋል፣ የተሸነፈው ሰኞ ከሥራ ይቀራል። ግን አስተውሉልኝ፤ ማክሰኞ ዕለት ሁለቱም በአንድ ሻይ ቤት ይገኛሉ። ለምን ቢሉ ማልያ ይወለቃላ! የጊዮርጊስ ደጋፊ ቢናደድ “ከእንግዲህ ኳስ በቃኝ” ብሎ ማልያውን አውልቆ ይጥላል። አባቱና እናቱ የሰጡትን ግን ወዴት ይጥለዋል?

ወደ ኋላ ትንሽ እንሂድ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት አምስት ቡድኖች ነበሩ። ጊዮርጊስ የኢትዮጵያውያን፣ አራራት የአርመኖች፣ ኦሎምፒያኮስ የግሪኮች፣ ፎርቲቱዶ የጣሊያኖች፣ አምስተኛው የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበር። ዋንጫውንም የወሰደው እንግሊዙ ነው። ልብ በሉ! ፋሺስት ጣሊያን ከአዲስ አበባ ከወጣ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር። አባቱን በግራዚያኒ ጭፍጨፋ ያጣ ሰው ባለበት ከተማ የጣሊያን ቡድን ማልያ ለብሶ ሜዳ ገብቷል። የትናንት ወራሪን በኳስ የገጠመ ሕዝብ ልጆች፣ ዛሬ የጎረቤታቸውን አውቶቡስ በድንጋይ ሲቀበሉ ምን እንበል?

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ደግሞ አለ። የአፍሪካን ዋንጫ በዚያው በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ስንወስድ ጎሎቹን ያገቡት ግርማ ተክሌ፣ ሁለቱ ወንድማማቾች ሉቺያኖና ኢታሎ ቫሳሎ፣ እንዲሁም የጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ ነበሩ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበል ሉቺያኖ አሥመራ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነው። በዚያን ዘመን የአሥመራና የአዲስ አበባ ቡድኖች ለሻምፒዮናው ይተናነቁ ነበር፤ ፉክክሩም ቀላል አልነበረም። ያን ዕለት ግን የሉቺያኖን ዘር ቆጥሮ ጎሉን የመለሰ ተመልካች አልነበረም።

ልክ በ51 ዓመቱ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰን ደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ላይ ዛምቢያን ገጠምን። በረኛችን በቀይ ካርድ ሲወጣ ከእኛ ወገን ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ ዘነበ፤ ጨዋታው ለደቂቃዎች ቆመ፤ ካፍም ፌዴሬሽናችንን በገንዘብ ቀጣ። በአሥር ሰው ተጫውተን በአዳነ ግርማ ጎል አንድ እኩል ወጣን። ውርወራው ያሳፍራል፤ ሥርዓት የጎደለን መሆናችንንም ያሳያል። ሆኖም ያ ድንጋጤና ቁጣ የአንድ አገር ሕዝብ ቁጣ ነበር። ጎኑ የተቀመጠውን “አንተ ከየት ነህ?” ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እኛም በአቅማችን ሰቆጣ ውስጥ ተፈነካክተናል። አንድ የዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ አርሴናልና ማንችስተር ሲጫወቱ፣ ሎንዶንን በካርታ እንኳ ለይተው የማያሳዩ ጎረምሶች ተያይዘው አግዳሚ ወንበር ሰብረዋል፤ የአንደኛው ግንባርም ተፈንክቷል። በማግስቱ ሽማግሌ ተቀመጠ። ፍርዱ ምን ሆነ መሰላችሁ? አግዳሚው በጋራ እንዲሠራ፣ ፈንካቹም የተፈነከተውን እንዲያሳክም፣ ሁለቱም የሚቀጥለውን ጨዋታ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንዲያዩ። አዩም። ፌዴሬሽኑ ከእነዚህ ሽማግሎች አንዱን እንኳ ቢቀጥር ምን ነበረበት?

ፉክክርን ከፈረንጅ የተማርን ይመስል “ኳስ ነው ያባላን” የሚሉ አሉ። ሐሰት ነው! በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ይላል የአገራችን ሰው፤ ሎሌ በዱላው የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው እንኳ ዕለቱ የጨዋታ ነውና ያልፋል። በየዓመቱ ነሐሴ አጋማሽ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ ሲወጡም ቡድን ከቡድን ይፎካከራል፤ በዘፈን ይሞጋገሳል፣ ይነካካልም። ላስታ አሸንድዬ፣ ቆቦ ሶለል፣ ትግራይ አሸንዳ ይለዋል። ስሙ ቢለያይ ቄጠማው አንድ ነው። ልጃገረዶቹ የሚያውቁትን የፉክክር ልክ ጎረምሶቹ ከየት ረሱት?

የወልዲያው እሑድ

ኅዳር 24 ቀን 2010 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ወልዲያ በመሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስታዲየም መቐለ ከተማን ልታስተናግድ ተዘጋጅታለች። ስታዲየሙ ከተመረቀ ገና ዓመት አልሞላውም፤ 25 ሺህ ያህል ሰው የሚይዝ፣ ለሰሜኑ ሕዝብ ሁሉ የሚያኮራ ነበር። ጨዋታው ግን አልተጀመረም። ከሜዳው ውጭ በደጋፊዎችና በከተማው ወጣቶች መካከል የተነሳው ጠብ ከተማውን አዳረሰ። የሰው ሕይወት አለፈ፣ ንብረት ወደመ። ኳሷ ሳትነካ ሰው ሞተ!

በዚያው ሰሞን በዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ተገደለ፤ እሳቱም ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛመተ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ መከላከያና ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ላይ ሲጫወቱ ዳኛ ተደብድቦ ሊጉ እስከ መቆም ደረሰ። የአማራና የትግራይ ክለቦች ሲገናኙም ጨዋታቸው በገለልተኛ ሜዳ እንዲሆን ተደረገ። “ገለልተኛ ሜዳ” የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በአንድ አገር ውስጥ ገለልተኛ መሬት ፈልጎ መጫወት ማለት፣ ቀሪው መሬት የጠላትና የወዳጅ ተብሎ ተከፍሏል ብሎ በማኅተም መፈረም አይደለምን?

ለመሆኑ ድንጋዩን ለዚያ ጎረምሳ ማን አቀበለው? ከሰማይ አልወረደለትም። አገሪቱን በዘር ከልሎ፣ መታወቂያውን በዘር ሞልቶ፣ በጀቱን በዘር አከፋፍሎ ሲያበቃ “ኳስ ሜዳ ላይ ብቻ ወንድማማች ሁኑ” የሚል ሥርዓት ራሱን ነው የሚያታልለው። አብዛኞቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። የክለቡ የበላይ ጠባቂ ባለሥልጣን፣ የክለቡ ስም የከተማው ስም፣ የደጋፊው መፈክር የፓርቲው መፈክር ሲሆን ሽንፈቱ የአሥራ አንድ ልጆች ሽንፈት መሆኑ ያበቃል። ሹሙም ይኼን ያውቃል። ውኃ ያጣ ቀበሌ ሲያጉረመርም ክለቡ ያሸነፈ ዕለት ጩኸቱን ይረሳል፤ ክለቡ የተሸነፈ ዕለት ደግሞ ጥፋቱ የጎረቤት ነው። ለሹም ከዚህ የበለጠ ምን ይመቻል?

የዓለም ታሪክም አስቀድሞ ነግሮን ነበር። በግንቦት 1990 እ.ኤ.አ. ዛግሬብ ላይ ዲናሞና የቤልግሬዱ ቀይ ኮከብ ሊጫወቱ ሲሉ የክሮኤሺያና የሰርቢያ ደጋፊዎች ወንበር እየነቀሉ ተደባደቡ። ያን ጊዜም “የኳስ ረብሻ ነው፤ ያልፋል” ተባለ። ዓመት ሳይቆይ ሁለቱ ሕዝቦች መድፍ ተማዘዙ። ጦርነቱን ኳስ አመጣው አልልም። ኳስ ሜዳው ትኩሳት መለኪያ ነበር፤ ሐኪም ነኝ ባዩ ግን ሊያየው አልፈለገም። የእኛስ? ከወልዲያው እሑድ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ሰቆጣ ገባ። ከአበርገሌና ከፃግብጂ የተፈናቀለው ሕዝብ በከተማችን መጠለያ ሲያድር፣ ስታዲየም ውስጥ ድንጋይ የጨበጡ ስንት ጎረምሶች ያኔ በዚህም በዚያም ወገን ጠመንጃ ጨብጠው ይሆን?

በር መዝጋት ዕርቅ አይደለም

በ2013 ዓ.ም. ሊጉ መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎና ስሑል ሽረ ሳይኖሩበት ተካሄደ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ጨዋታው በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ፣ በቴሌቪዥን እየታየ ለዓመታት ዘለቀ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ሦስቱ ክለቦች ወደ ሊጉ ተመለሱ። ደስ ያሰኛል! የመቐለን ማልያ ከፋሲል ማልያ ጋር በአንድ ሜዳ ማየት ለዋግ ሰው ከዋንጫ በላይ ነው።

ግን አንታለል። ረብሻው የጠፋው ደጋፊው ስለታረቀ አይደለም፤ ስለማይገናኝ ነው። ጨዋታው ሩቅ ከተማ ሲሆን ከወልዲያ ወደ መቐለ፣ ከመቐለ ወደ ጎንደር የሚሄድ የደጋፊ አውቶቡስ የለም። አውቶቡስ ከሌለ ድንጋይም የለም። ግብፆች በ2012 እ.ኤ.አ. ፖርት ሰዒድ ላይ ከ70 በላይ ደጋፊ ካለቀባቸው በኋላ ስታዲየማቸውን ለዓመታት ዘግተው አይተውታል። ባዶ ወንበር አይሳደብም፤ አይታረቅምም።

አንድ ቀን ክለቦቹ ሁሉ በየሜዳቸው፣ በየደጋፊያቸው ፊት መጫወታቸው አይቀርም። ያ ቀን ሳይመጣ መደረግ ያለበት ይደረግ። አንደኛ፣ የወልዲያው እሑድ እንዴት እንደተነሳ፣ የጸጥታ ኃላፊዎች ምን እንዳደረጉና ምን እንዳላደረጉ በይፋ ለሕዝብ ይነገር፤ የሞተበት ቤተሰብም ይካስ። ሁለተኛ፣ ቅጣት ከተማን በጅምላ መቅጣት ይብቃው፤ ድንጋይ የወረወረው፣ ዳኛ የመታው ግለሰብ በስሙ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የክለብ አመራር ከሹመት ይለይ። አራተኛ፣ የእንግዳ ደጋፊ አውቶቡስ ከከተማው በር ጀምሮ በአስተናጋጁ ክለብ የደጋፊ ማኅበር ታጅቦ ይግባ፣ ታጅቦም ይውጣ። በኛ አገር እንግዳን በር ድረስ ሸኝቶ መመለስ እኮ አዲስ ሕግ አይደለም!

አምስተኛው ለእኛው ነው። ጎረምሳው መፈክር ከማውጣቱ በፊት አንድ ነገር ያስብ፦ ያ ከወዲያ የተቀመጠው ደጋፊ ማልያውን ቢያወልቅ ሊያበቃለት የሚችል ስድብ ነው የምሰድበው? ከሆነ ይሳደብ፤ ኳስ ያለ ስድብ አይደምቅም። ማልያውን ቢያወልቅም የማይለቀው ከሆነ ግን፣ ያ ስድብ የኳስ አይደለም። ድንጋዩን ያቀበለው ሰው ክቡር ትሪቡን ላይ ተቀምጦ ጎል ሲገባ ያጨበጭባል፤ የሚሞተው ሚስማር ተራ ያለው ነው።