«ጾታ» የምትለዋ መስመር

አምቦ ሆነ ጉደር፣ ሥራ ስታገኙ ቀጣሪው የጤና ምርመራ ወረቀት አምጡ ማለቱ የተለመደ ነው። መታወቂያው «ሴት» የሚለው፣ ኑሮው ግን የወንድ የሆነ ትራንስጀንደር ሰው እዚህ ጋ ይጨነቃል። ሰነዱ እስኪስተካከል ልጠብቅ ቢል እንኳ በአገራችን ለዚህ የተዘረጋ ሕጋዊ አሠራር የለም፤ ፋይዳም ላይ ጾታ ይመዘገባል። ስለዚህ የሥራ ማስታወቂያ እያነበበ ማለፍ ይጀምራል። እንቅልፍ ማጣቱና ድብርቱ የሚመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከማንነቱ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር ይህን ከአእምሮ ሕመም አውጥቶታል።

እኛ ሐኪሞች የምንጠየቀው ሰውየው ለሥራው ጤነኛ ነው ወይ የሚለውን ነው። እሱን ጽፈን እንፈርም። የሰውነቱን ነገር ለቀጣሪ መንገር፣ ካርድ ክፍል ቆሞ ማውራት ምስጢር ማባከን ነው። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ወሬው ከሰውየው ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል!

እናንተም ፈርታችሁ ከሕክምና አትቅሩ፤ በሩ ይዘጋልኝ ማለት መብታችሁ ነው።