በካርቱም በዘገየ ሕክምና ለሚጠፋ ሕይወት ማን ይጠየቃል?

በሱዳን ጦርነት የመጀመሪያዎቹ 14 ወራት በካርቱም ግዛት ብቻ ከ61,000 በላይ ሰዎች መሞታቸውን የለንደን የንጽህናና ትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ተመራማሪዎች እአአ በ2024 ይፋ ባደረጉት ጥናት ገምተዋል። በቀጥታ በጥቃት የተገደሉት 26,000 ገደማ ናቸው።

ከግማሽ በላይ የሆነው ሞት ከጥይትና ከመድፍ ውጭ ሌላ ምክንያት አለው ማለት ነው። ሕክምና ያላገኘ ወይም ዘግይቶ ያገኘ ሕመም አንዱ ነው። ከተማዋ በመጋቢት 2025 በሠራዊቱ እጅ ከገባች ወዲህ ነዋሪዎች እየተመለሱ ነው። ለእንዲህ ያለው ሞት ማን በሕግ ይጠየቃል የሚለው ጥያቄም አብሯቸው ይመለሳል።

ደቂቃ የሚቆጠርበት ሕመም

በተለምዶ ሃርት አታክ የሚባለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ጥያቄውን አጉልቶ ያሳያል። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ጡንቻው መሞት ይጀምራል። ዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች በሽተኛው ሆስፒታል በደረሰ በ90 ደቂቃ ውስጥ ቧንቧው እንዲከፈት ይመክራሉ። ይህን ማድረግ የሚችል ማዕከል በአቅራቢያ ከሌለ የረጋ ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ሳይዘገይ መሰጠት አለበት። ከ12 ሰዓት በኋላ የሕክምናው ጥቅም እጅግ ይቀንሳል።

በመሆኑም በሰላም ጊዜ በዘገየ የልብ ሕክምና ሳቢያ የሚቀርብ የካሳ ክስ በሰዓት ላይ ይቆማል። በሽተኛው መቼ ደረሰ? የልብ ምርመራው መቼ ተነሣ? መድኃኒቱ መቼ ተሰጠ? መልሱ የሚገኘው በሕክምና ካርዱ ላይ ነው።

ሕጉ መንገድ አለው

ሱዳን ለዚህ ዓይነት ክስ ሕግ አላጣችም። የ1984ቱ የፍትሐ ብሔር ግብይቶች ሕግ አንቀጽ 138 በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ካሳ እንዲከፍል ያስገድዳል። የ1991ዱ የወንጀል ሕግ በስህተት መግደልን ይቀጣል፤ ዲያ የሚባለውን የደም ካሳም ይደነግጋል። የሱዳን ሕክምና ምክር ቤት ደግሞ የሐኪሞችን የሙያ ጥፋት ይመለከታል።

ለከሳሽ ከሁሉም የሚከብደው ግን ጥፋትን ከሞቱ ጋር ማያያዝ ነው። ሟቹ ቀድሞ ቢታከም ኖሮ ይተርፍ እንደነበር ማሳየት ይጠበቅበታል።

መንግሥት ራሱ ተጠያቂ የሆነበት ምሳሌ በሕንድ ይገኛል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1996 በሰጠው ውሳኔ፣ ከባቡር ወድቆ የተጎዳ ሰው በተለያዩ የመንግሥት ሆስፒታሎች ተቀባይ ማጣቱ በሕይወት የመኖር መብቱን ይጥሳል ሲል 25,000 ሩፒ ካሳ እንዲከፈለው አዟል። የገንዘብ እጥረት ምክንያት ሊሆን እንደማይችልም ፍርድ ቤቱ አስታውቋል።

ተከሳሹ የጠፋበት ክስ

በካርቱም ይህን መንገድ ጦርነቱ ዘግቶታል። በከተማዋ መሐል የሚገኘውና በልብና በደረት ሕክምና የሚታወቀው የአል-ሻዓብ ሆስፒታል ገና ጦርነቱ እንደ ጀመረ ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። በኦምዱርማን የሚገኘው አል-ናው ሆስፒታል በተደጋጋሚ በከባድ መሣሪያ ተመታ። በየካቲት 2024 ስልክና ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ አምቡላንስ መጥራት እንኳ አዳጋች ነበር።

ያም ሆኖ መዘግየቱን ሁሉ የጦርነት ዕጣ አድርጎ መቀበል ስህተት ነው። ከፊሉ በውሳኔ የመጣ ነው። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን በ2023፣ ባለሥልጣናት በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ቁጥጥር ሥር ወዳሉ የካርቱም ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና ቁሳቁስ እንዳይገባ መከልከላቸውን አስታውቋል። ይኸው ድርጅት በጥር 2025 በበሻኢር ሆስፒታል የሚሰጠውን አገልግሎት ያቋረጠው ታጣቂዎች በተደጋጋሚ በፈጸሙት ጥቃት ሳቢያ ነው። በሁለቱም ወገን ትእዛዝ የሰጡ ወይም ያልከለከሉ ኃላፊዎች አሉ። ባዶ እጁን በሥራው ላይ የቆየውን ሐኪም ብቻ መክሰስ ፍትሕ አይሆንም።

ዓለም አቀፉ መንገድም ጠባብ ነው። የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በሱዳን ያለው ሥልጣን ከተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት የ2005 ውሳኔ የመነጨ ሲሆን፣ የሚመለከተውም ዳርፉርን ብቻ ነው። በካርቱም ሆስፒታሎች ላይ የደረሰው ከዚህ ወሰን ውጭ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የተቋቋመው የምርመራ ተልዕኮ ማስረጃ ይሰበስባል እንጂ አይፈርድም።

ለኢትዮጵያውያንም የቀረበ ጉዳይ

ካርቱም ለብዙ ኢትዮጵያውያን የስደትና የሥራ ከተማ ነበረች። በሶባ የሚገኘው ሰላም የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከልም ከ2007 ጀምሮ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከበርካታ አገሮች የመጡ ሕሙማንን በነፃ አክሟል። በመተማ በኩል ከተመለሱት መካከል ቤተሰቡን እዚያ የቀበረ ሰው ካሳ ልጠይቅ ቢል፣ ሰነድ፣ ምስክርና ችሎት ማግኘት አለበት።

የጊዜ ገደብም አለ። በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። በሱዳንም ይርጋ የሚባል ነገር አለ። ፍርድ ቤት ባልተከፈተባቸው ዓመታት ይርጋው እንደ ወትሮው ከተቆጠረ፣ ብዙ ቤተሰቦች ችሎት ሳይደርሱ መብታቸው ያልፋል።

ስለዚህ የሱዳን የሽግግር ፍትሕ ንግግር በጥይት የሞቱትን ብቻ ከቆጠረ ጎዶሎ ይሆናል። የጦርነቱን ዓመታት ከይርጋ ማውጣት፣ ከዘረፋና ከእሳት የተረፉ የሆስፒታል መዝገቦችን መሰብሰብ፣ ሟቹ በስንት ሰዓት ታሞ የትኛው በር እንደ ተዘጋበት ከቤተሰብ ቃል መቀበል ሰላም ሙሉ በሙሉ እስኪሰፍን መጠበቅ የሌለባቸው ሥራዎች ናቸው። መዝገቡ ከጠፋ፣ ነገ ነፃ ችሎት ቢቋቋም እንኳ የሚመረምረው ነገር አያገኝም።