ማስታወሻው ወደ ሱቁ ይሂድ እንጂ ሱቁ ወደ ስልካችሁ አይግባ

የፈተና ሰሞን የጭሮ ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይጨናነቃሉ። የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ደብዳቤ የሚያስጽፉ ሠራተኞች፣ የፋይዳ መታወቂያ የሚያሳትሙ እናቶች በአንዲት ጠባብ ክፍል ተራ ይጠብቃሉ። ተራዋ የደረሰ ተማሪ ሃንድአውቱ ቴሌግራሟ ላይ እንዳለ ትናገራለች። የቤቱ ልጅ ስክሪኑን ወደ እሷ ዞር ያደርግላታል፤ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ካሬ ይታያል። «ስካን አድርጊው» ይላታል። ታደርጋለች። ሃንድአውቱ ይከፈታል፣ 12 ገጽ ይታተማል፣ ሒሳቧን ከፍላ ትወጣለች።

ቴሌግራሟ ግን አብሯት አልወጣም። ኮምፒውተሩ ላይ እንደተከፈተ ቀርቷል። የክፍል ግሩፑ፣ ከእናቷ ጋር የተላላከችው ድምፅ፣ ዓረብ አገር ያለችው እህቷ የላከችው ፎቶ፣ ለራሷ ያስቀመጠችው የመታወቂያ ኮፒ፣ ሁሉም ከኋላዋ ለሚቀመጠው ሰው ክፍት ነው። 12 ገጽ ልታሳትም ገብታ የቤቷን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ ጥላ ሄደች።

ይህ የአንድ ሱቅ ወይም የአንድ ከተማ ጉድ አይደለም። ሂርናም፣ በዴሳም፣ ገለምሶም፣ አዲስ አበባም ልማዱ ያው ነው። የቤቱ ልጅም ክፉ ስለሆነ አይደለም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፍላሽ ቫይረስ ያመጣበታል፣ ደንበኛውም ይቸኩላል። ፈጣን የመሰለውን መንገድ መረጠ። ይህ ልማድ ግን መቅረት አለበት። የሚገርመው ደግሞ የሚያስቀረው መፍትሔ ራሱ ኪውአር ኮድ መሆኑ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከአንድ የተሳሳተ እምነት ነው። ኪውአር ኮድ በዓይን ስለማይነበብ ብዙ ሰው ምስጢር ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ ዴንሶ ዌቭ የተባለው ኩባንያ የሠራው የመኪና መለዋወጫዎችን ቶሎ ቶሎ ለመቁጠርና ለመከታተል ነበር። ስሙም «ፈጣን ምላሽ» ማለት ነው። ለመደበቅ ሳይሆን በፍጥነት ለመነበብ የተወለደ ነገር ነው። እንዲያውም ቢቆሽሽና ቢቀደድ እንኳ እንዲነበብ ተደርጎ ስለተሠራ፣ ከፍተኛው የጥንካሬ ደረጃ ላይ 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽም ይሠራል። ስለዚህ ኪውአሩን ፎቶ አንስቶ ጥጉን በጣት እየሸፈኑ መላክ መከላከያ አይሆንም። የፋይዳ ቁጥራቸውን በቀለም አጥፍተው ኪውአሩን ሳይነኩ ግሩፕ ላይ የሚለጥፉም ይህን ልብ ሊሉት ይገባል።

ከግንቦት 2013 ወዲህ ቴሌብር ሲስፋፋ ኪውአር ለገበያው ሰው እንግዳ አልሆነም። ይሁን እንጂ መልኩ አንድ የሆነ ሁሉ ሥራው አንድ አይደለም። ማስታወሻ በመለዋወጥ ረገድ ሦስት ዓይነት ኪውአር አለ።

የመጀመሪያው ጽሑፉን ራሱን በሆዱ የያዘው ነው። ኢንተርኔት አይፈልግም፤ አንዱ ስልክ ያሳያል፣ ሌላው በካሜራው ያነባል፣ አለቀ። በሰኔ 2012 መጨረሻ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል የቆየበትን ጊዜ ለሚያስታውስ የምዕራብ ሐረርጌ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ከሂርና ጫት ይዞ ጭሮ የሚገባ ነጋዴ የእስሩን ብዛትና የቀረውን ዱቤ ያለ ኔትወርክ ለአጋሩ ሊያሻግር ይችላል። የሚይዘው ግን ጥቂት ነው። አንድ ኪውአር ቢበዛ 2,953 ባይት ይይዛል። የቁቤ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የግዕዝ ፊደል በተለመደው አሠራር ሦስት ባይት ይወስዳል። በኦሮምኛ ከ2,900 ፊደል በላይ የሚገባበት ካሬ በአማርኛ ከ1,000 ብዙም አይዘልም። ነጠብጣቡ ሲጠቀጠቅ ርካሽ ስልክ ማንበብ ያቅተዋልና ለአማርኛ 200 ወይም 300 ፊደል ላይ ማቆም ይሻላል። ካሜራ ያለው ሁሉ እንደሚያነበውም መርሳት አይገባም።

ሁለተኛው አድራሻ ብቻ የያዘው ነው። ማስታወሻው ጎግል ድራይቭ ወይም ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ ኪውአሩ መንገዱን ያሳያል። የክፍል ተወካይ ሃንድአውቱን እንዲህ አድርጎ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፈው 60 ተማሪ ያለ ግፊያ ያገኘዋል። እዚህ ደኅንነቱ ያለው ኪውአሩ ላይ ሳይሆን ፋይሉ ላይ በተሰጠው ፈቃድ ላይ ነው። «ሊንኩ ያለው ሁሉ ያንብብ» ተብሎ ከተተወ፣ ሰሌዳውን ፎቶ ያነሳ መንገደኛም ያነበዋል። ጥሩ ጎኑ ባለቤቱ በፈለገ ጊዜ ፋይሉን መዝጋት መቻሉ ነው።

ሦስተኛው ማስታወሻም አድራሻም አይደለም፤ ቁልፍ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ስክሪን ላይ የሚታየው ይህ ነው። እሱን ስካን ማድረግ «ይህን ፋይል ውሰድ» ማለት ሳይሆን «እኔን ሆነህ ግባ» ማለት ነው። የገባው ሰው በባለቤቷ ስም ለዘመድ «ቸግሮኛል፣ ብር ላክልኝ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ሌላ ስልክ ላይ አካውንቱን ለመክፈት የሚመጣው የመግቢያ ቁጥርም እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ስለሚደርስ እሱንም ያየዋል። ባለቤቷ የምታውቀው ዘመድ ደውሎ «ብሩ ደረሰሽ?» ሲላት ነው።

መፍትሔው አቅጣጫውን መገልበጥ ነው። ቴሌግራም ለእያንዳንዱ የመጠሪያ ስም ላለው አካውንት የራሱን ኪውአር ይሰጣል። ባለሱቁ ለሥራው ብቻ አንድ አካውንት ይክፈት፤ ኪውአሩን አትሞ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ተማሪዋ በገዛ ስልኳ ስካን ታደርጋለች፣ የሱቁ ስም ይመጣላታል፣ የምትፈልገውን አንድ ፋይል ትልካለች። ታትሞ ሲያበቃ መልእክቱን ከሁለቱም ወገን ታጠፋለች። ሱቁ የሚያየው 12 ገጹን ብቻ ነው። ባለሱቁ ማለዳ ሲከፍት በራሱ ወረቀት ላይ ሌላ ሰው ሌላ ኪውአር አለመለጠፉን ይይ፤ ደንበኛም ከመላኳ በፊት ስሙን ጮክ ብላ ትጠይቅ።

ወረቀቱ እውነተኛ ምስጢር ከሆነ ደግሞ መቆለፍ አለበት። ፒዲኤፉን ወይም ዚፑን በይለፍ ቃል ቆልፎ፣ ፋይሉን በአንድ መንገድ፣ ቃሉን በሌላ መንገድ መላክ ነው። ፋይሉ በኪውአር ከሄደ ቃሉ በስልክ ጥሪ ወይም ፊት ለፊት ይነገር። ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ መስጠት በሩን ቆልፎ ቁልፉን ጓንጉሉ ላይ እንደ ማንጠልጠል ነው። ለነጋዴው የዱቤ ማስታወሻም ይኸው ይሠራል።

«እኔ የምደብቀው የለኝም» የሚል አይጠፋም። ይህ ክርክር ትንሽ ሰው ያሳምን ይሆናል፤ ነገር ግን በተማሪዋ ስልክ ውስጥ ያለው የሷ ብቻ አይደለም። የእናቷ ድምፅና የእህቷ ፎቶ የሰው አደራ ነው። ለአደራ ደግሞ ባለቤቱ ሳይፈቅድ በር አይከፈትም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሚያዘው የሰው ዳታ ለታወቀ ዓላማ፣ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲያዝ ነው። 12 ገጽ ለማተም 12 ገጽ ይበቃል።

ባለሱቆችም «ሥራ ያዘገይብናል» ይሉ ይሆናል። አያዘገይም። አንዱ እያተመ ሌላው ተራ ሳይደርሰው ፋይሉን መላክ ስለሚችል ሰልፉ እንዲያውም ያጥራል። ወጪው አንድ ወረቀት ነው። ትርፉም የሰው እምነት ነው፤ አንድ ደንበኛ አካውንቷ የተሰረቀው እዚያ ሱቅ እንደሆነ በከተማው ከተወራ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

እስከዚያው እያንዳንዱ ሰው ዛሬ ማታ ሁለት ደቂቃ ይመድብ። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዲቫይስ የሚለውን ይክፈት። አካውንቱ የተከፈተባቸው ስልክና ኮምፒውተሮች በሙሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። የማያውቀው ካለ ወይም ባለፈው ሴሚስተር ያሳተመበት ሱቅ አሁንም ካለ ያስወጣው። ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃልም ያብራ፤ ያኔ ስካን ብቻውን በር አይከፍትም። ዝርዝሩን ሲያዩ የሚደነግጡ ብዙዎች ይሆናሉ። ብር ከጠፋ በኋላ ከመደንገጥ ግን ዛሬ መደንገጡ ይሻላል።